መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መንካት፦ ስለ ሊኑክስና ዩኤስቢ ሞደም ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ሲም ካርድ የሚገባበትን የዩኤስቢ ሞደም፣ ዶንግል የምንለውን፣ ሊኑክስ ላይ እንዴት እንደምናሠራው የሚያስረዳ ነው። «ይኼን ተከትዬ ሞደሜ ጭራሽ ጠፋ» ይላል የወዳጄ መልእክት። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጸሐፊው ለፍተዋል። አንዳንዱ ምክራቸውም ትክክል ነው። አብዛኛው ግን ከ15 ዓመት በፊት ያስፈልግ የነበረ፣ ዛሬ ደግሞ ደህናውን ነገር የሚያበላሽ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይኼ ነው። ሊኑክስ ሞደም አያውቅም፣ ስለዚህ በግድ ማሳወቅ አለባችሁ። ድራይቨሩን (ዕቃውን ከሊኑክስ ጋር የሚያናግረውን ፕሮግራም) በእጅ ጫኑ፣ ሞደሞችን የሚያስተዳድረውን ሞደም ማናጀር የሚባል ፕሮግራም አጥፉ፣ ፈቃዱን ክፈቱ፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ደውሉ። እኔ የምለው ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ሊኑክስ ሞደሙን ብዙውን ጊዜ ያውቀዋል። እምቢ ካለም ችግሩ ያለበት ቦታ በትዕዛዝ ይታያል። ሳያዩ መነካካት ነው ጉዱን የሚያፈላው። ነጥብ በነጥብ ልሂድ። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡት ነው የምጽፈው።

ሲዲ መስሎ መታየቱ

የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ፦ ሞደሙን ስትሰኩት ኮምፒውተሩ ሲዲ ነው ብሎ ያስባል፣ ይኼ የሊኑክስ ድክመት ነው ይላሉ።

አይደለም። ሲዲ ነኝ የሚለው ራሱ ሞደሙ ነው። አምራቾቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት። ዊንዶውስ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ለብቻው በሲዲ ከማደል ይልቅ እዚያው ሞደሙ ውስጥ አስቀመጡት። ሞደሙ ሲሰካ መጀመሪያ የሲዲ ማጫወቻ መስሎ ይቀርባል። ዊንዶውስ ያንን ሲዲ ከፍቶ ፕሮግራሙን ይጭናል። ፕሮግራሙ ደግሞ ለሞደሙ «በቃ፣ አሁን ወደ ሥራህ ግባ» የሚል አጭር መልእክት ይልክለታል። ያኔ መሣሪያው ከዩኤስቢው እንደተነቀለ ሆኖ ይጠፋና ተመልሶ ብቅ ይላል። ማንም እጁን ሳያነሳ ማለት ነው። በሁለተኛው ሲመጣ ሞደም ሆኖ ነው።

ሊኑክስ ላይ ይኼን መልእክት የሚልከው ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ነው። የጻፈው ዮሱዋ ዲትሰ ነው። አብሮት የሚመጣ የዳታ ጥቅል አለ፤ የትኛው ሞደም በየትኛው መልእክት እንደሚቀየር ተዘርዝሮበታል። ሞደሙ ሲሰካ የሚሰኩ ዕቃዎችን የሚከታተለው የሊኑክስ ክፍል፣ ዩዴቭ፣ ያየዋል፣ ዩኤስቢ ሞድስዊችን ይጠራል፣ ነገሩ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ሲዲው ብልጭ ብሎ ከጠፋ አትደንግጡ። የሚፈለገው እሱ ነው።

መቀየሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን፣ የተሰኩ የዩኤስቢ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ፣ ሞደሙ እንደተሰካ አንዴ፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ስጡት። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው። ብዙዎቹ የቆዩ የሁዋዌ ሞደሞች የዕቃ ቁጥራቸው መጀመሪያ 1446 ነው። ሲቀየሩ 1001 ወይም 1436 ይሆናል። ብዙዎቹ የዜድቲኢ ሞደሞች ደግሞ ከ2000 ወደ 0031 ይሄዳሉ። ቁጥሩ ከተቀየረ ይኼኛው ደረጃ አልፏል፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ካልተቀየረ ዩኤስቢ ሞድስዊችና የዳታ ጥቅሉ ሁለቱም መጫናቸውን እዩ፣ ካልተጫኑ ጫኗቸው፣ ሞደሙን ነቅላችሁ ሰኩት። በነገራችን ላይ ሊኑክሱን ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ የምታሠሩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ለቨርቹዋል ማሽኑ የሰጣችሁት የሲዲውን ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ሞደሙ ቁጥሩን ሲቀይር ከእጁ ያመልጣል። ሁለቱንም ቁጥር ፍቀዱለት።

ጸሐፊው ግን ወደ ሥር ነቀል መፍትሔ ነው የሄዱት። ዩ2ዳያግ በሚባለው የኤቲ ትዕዛዝ (ኤቲ ሞደም የሚታዘዝበት ቋንቋ ነው) ሲዲውን ለዘለቄታው አጥፉት ይላሉ። በቆዩት የሁዋዌ ሞደሞች ላይ ትዕዛዙ በእርግጥ ይሠራል። ነገር ግን የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም፣ ሞደሙ ማህደር ውስጥ ነው። ነገ ሞደሙን ዊንዶውስ ላይ ለሚሰካ ሰው ብታውሱት የሚጫን ፕሮግራም አያገኝም። አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ትዕዛዙ ሌላ ነው፣ ሴትፖርት ይባላል። በእሱ ሲዲውን ስታጠፉ የትዕዛዝ ፖርቱን ጭምር ከዘጋችሁት መልሳችሁ የምታናግሩበት በር አይኖርም። የወዳጄ ሞደም የጠፋው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ድራይቨሩን በእጅ መጫን

ሁለተኛው ምክር ዩኤስቢ ሲሪያል የሚባለውን የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ክፍል የሞደሙን ሁለት ቁጥሮች ሰጥታችሁ ጫኑት የሚል ነው። ከዚያ ፖርቶቹ ብቅ ይላሉ። እውነት ነው፣ ይላሉ። ዱሮ እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ግን ያ ድራይቨር ለሙከራ ብቻ የተሠራ ነው። ይኼን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ከርነሉ ነው። በዚህ መንገድ ስትጭኑት ዲሜሴጅ በሚለው ትዕዛዝ በሚታየው የከርነሉ መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፍላችኋል። ይኼኛው ለሙከራ ነው፣ ዕቃችሁ ትክክለኛው ድራይቨር ውስጥ እንዲገባ ለገንቢዎቹ አሳውቁ የሚል ነው። ጸሐፊው የዲሜሴጅን ውጤት አይተው ቢሆን ኖሮ መልሳቸውን እዚያው ያገኙት ነበር።

ትክክለኛው ድራይቨር ኦፕሽን ይባላል። ስሙ ግራ ያጋባል፣ «ምርጫ» የሚል ስለሚመስል። የመጣው ግን ኦፕሽን ከሚባለው የሞደም ካርድ አምራች ነው። ማቲያስ ኡርሊክስ ነው በ2005 የጻፈው። የኮዱ አናት ላይ ለምን እንዳስፈለገ ተጽፏል፤ ተራው የሲሪያል ድራይቨር ለእነዚህ ሞደሞች አይሆንም፣ ዳታ ይጠፋል ይላል። ዳታው በፍጥነት ሲመጣ መቀበያው ጠባብ ይሆንበታል ማለት ነው። ስለዚህ በዩኤስቢ ሲሪያል ያስነሳችሁት ሞደም ተገናኝቶ ሳለ ኢንተርኔቱ ቢንቀረፈፍ፣ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ አታሳቡ።

ኦፕሽን በአብዛኛው ራሱ ይጫናል። የሞደማችሁ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን ኒውአይዲ የምትባል ፋይል አለች። ሲስ በሚለው ማውጫ ውስጥ፣ ከዩኤስቢ ሲሪያል ድራይቨሮች መካከል ኦፕሽን1 ሥር ታገኟታላችሁ። ሁለቱን ቁጥሮች እዚያ መጻፍ ይበቃል። ድካሙ ያው ነው፣ የምታገኙት ድራይቨር ግን ትክክለኛው ነው።

ሞደም ማናጀርን አጥፉ ስለሚለው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ። ጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ምክር ይኼ ነው። ጸሐፊው ሞደም ማናጀር ፖርቱን ይይዝባችኋል፣ ስለዚህ ከነሥሩ ንቀሉት፣ በምትኩ ደብሊውቪዳያል የሚባለውን የቆየ የመደወያ ፕሮግራም ጫኑ ይላሉ።

ክሱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሞደም ማናጀር ሞደም ሊሆን የሚችል የሲሪያል ዕቃ ሲያይ «ሞደም ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚሠሩ ሰዎች ቦርዳቸውን በሰኩ ቁጥር ይኼ ጥያቄ እየመጣ ሲረብሻቸው «አጥፉት» ማለት ጀመሩ። ደብሊውቪዳያል የሚጠቀሙትም እንዲሁ። ሁለት ፕሮግራም አንድ ፖርት ላይ ሲሻማ «ሥራ ላይ ነው» የሚል ስህተት ይወጣል። ምክሩ እንዲህ እየተቀባበለ ሞደም ብቻ ለማሠራት የሚፈልገው ሰው ጋ ደረሰ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሞደም ማናጀር የተሠራው ለዚህ ሰው ነበር እኮ!

አንድ የዩኤስቢ ሞደም ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ፖርት ይዞ ነው የሚመጣው። ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0፣ 1፣ 2 እየተባሉ ይቆጠራሉ። አንዱ ዳታ ያስተላልፋል፣ አንዱ ትዕዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ ለምርመራ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ በሞደሙ ዓይነት ይለያያል። ደብሊውቪዳያል ይኼን አያውቅም። የነገራችሁትን አንድ ፖርት ይዞ ይደውላል፣ በቃ። ሞደም ማናጀር ግን ፖርቶቹን ሁሉ ሰብስቦ የአንድ ዕቃ መሆናቸውን ይለያል፣ እያንዳንዱንም ለሥራው ይመድባል። ኢንተርኔት እየተጠቀማችሁ የሲግናሉን ጥንካሬ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጸሐፊው በአምስት ሰከንድ ካልታየ አይሠራም ማለት ነው ብለዋል። እረ ትንሽ ታገሱ! ፖርቶቹን አንድ በአንድ ጠይቆ፣ መልስ ጠብቆ፣ ሲሙን አንብቦ እስኪጨርስ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በመሃል ነቅላችሁ ስትሰኩት ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ከታገሳችሁ በኋላ ኤምኤምሲኤልአይ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ ሰረዝና ትልቁን ኤል ጨምሩበት። ያሉትን ሞደሞች ከነተራ ቁጥራቸው ይዘረዝርላችኋል። ከዚያ በትልቁ ኤል ፋንታ ትንሹን ኤም አድርጉና ተራ ቁጥሩን ስጡት። አንድ ረጅም ዝርዝር ይወጣል። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ሁኔታውን የሚናገረውን መስመር ብቻ ፈልጉ። ጸሐፊው በአሥር እርምጃ የሚያንከራትቷችሁን ነገር ይቺ አንድ መስመር ትነግራችኋለች። «ተቆልፏል» ካለ ሲሙ ፒን እየጠየቀ ነው። «አልተሳካም» ብሎ ምክንያቱን ሲም የለም ካለ ሲሙን አውጥታችሁ በደንብ አስገቡት። «እየፈለገ ነው» ላይ ችክ ካለ ነገሩ የሲግናል ወይም የሲሙ ነው፣ ከሊኑክስ ጋር ጉዳይ የለውም። «ተመዝግቧል» ካለ ደግሞ ሞደሙም ድራይቨሩም ሲሙም ደህና ናቸው፤ የቀረው ግንኙነቱን መክፈት ነው፣ ያ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤፒኤኑ (የስልክ ድርጅቱ የኢንተርኔት መግቢያ ስም) ነው። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚወጡት፣ ትርጉማቸው ይኸው ነው።

ግንኙነቱን የሚከፍተው ኔትወርክ ማናጀር የሚባለው ፕሮግራም ነው። በመስኮት ለሚሠራ ሰው ሞባይል ብሮድባንድ የሚል ምርጫ አለው። አገሩንና ድርጅቱን ስትመርጡ ኤፒኤኑን ራሱ ይሞላል። ተርሚናል የሚወድ ሰው ኤንኤምሲኤልአይ በሚባለው የኔትወርክ ማናጀር ትዕዛዝ ዓይነቱ ጂኤስኤም የሆነ አዲስ ግንኙነት ጨምሮ ኤፒኤኑን መስጠት ይበቃዋል። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆንም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ደብሊውቪዳያል ፋይዳ የለውም እያልኩ ግን አይደለም። በጣም ትንሽ ማሽን ላይ፣ ከባድ አገልግሎት መጫን በማይቻልበት ቦታ፣ ዛሬም ሥራውን ይሠራል። እሱን ከመረጣችሁ ሞደም ማናጀርን ለጊዜው አቁሙት። ከነሥሩ መንቀል ምን አመጣው?

ፈቃዱን 777 አድርጉ ስለሚለው

ይኼ አጭር ነው። ሲኤችሞድ በሚባለው የፈቃድ መቀየሪያ ትዕዛዝ ፖርቱን ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጉት ይላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የፖርቱ ፋይል ሞደሙ በተሰካ ቁጥር አዲስ ነው የሚፈጠረው። ስትነቅሉት ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል። በሞደም ማናጀር የምትጠቀሙ ከሆነ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። ፖርቱን በቀጥታ የምትነኩ ከሆነ ደግሞ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ዳያልአውት የሚባል ቡድን አለ። ራሳችሁን እዚያ ውስጥ ጨምሩ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ አለቀ።

ፍጥነቱን 921600 ማድረግ

ጸሐፊው የባውድ ቁጥሩን፣ ማለትም የፖርቱን የፍጥነት ቁጥር፣ ከ460800 ወደ 921600 ብታሳድጉት ኢንተርኔቱ እጥፍ ይፈጥናል ይላሉ። ሞክረው ለውጥ አይተናል የሚሉ ሰዎች እኔም ገጥመውኛል።

ባውድ በእውነተኛ የሲሪያል ሽቦ ላይ ነው ትርጉም ያለው። እዚህ ሽቦው የለም። ፖርቱ የታይታ ነው፣ ዳታው የሚሄደው በዩኤስቢ ነው። የኦፕሽን ድራይቨር ኮድ አናት ላይም የባውድ ቁጥርን መቆጣጠር ትርጉም እንደሌለው ተጽፏል። ይኼ ካላሳመነ ሒሳቡን እንሥራ። የሁዋዌው ኢ220 መጀመሪያ ሲወጣ በሰከንድ እስከ 3.6 ሚሊዮን ቢት ማውረድ የሚችል ነበር። ብዙ ሰው ሴቲንጉ ላይ 460800 ጽፎ ነበር የሚጠቀምበት። ቁጥሩ እውነት ገደብ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ ሚሊዮን ቢት በላይ ማንም ባላየ ነበር። ሰዎቹ ያዩት ለውጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። እንደገና ሲደውሉ ኔትወርኩ ቀለል ብሎ ጠብቋቸው ይሆናል።

*99# ስልክ ቁጥር አይደለም

ጸሐፊው *99# የድርጅቱ የኢንተርኔት ስልክ ቁጥር ነው፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርዱ ከተሳሳተ መስመሩ አይነሳም ይላሉ። ከዚህ የተነሳ ሰው ፓስወርድ ፍለጋ ይዞራል።

የሚደወልለት አካል የለም። *99# ሞደሙ ራሱ የሚረዳው ኮድ ነው፣ «የዳታ መስመር ክፈት» ማለት ነው። ዱሮ በስልክ መስመር ይደወል የነበረውን ፕሮግራም ሳይቀይሩ ለመጠቀም ሲባል ነው የደውል መልክ የተሰጠው። ማንነታችሁን የሚያረጋግጠው ሲሙ ነው። በተለመደው ኤፒኤን ላይ ስምና ፓስወርዱ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ደብሊውቪዳያል ግን ባዶ ከሆነ ያኮርፋል፣ ስለዚህ ሰው የመጣለትን ቃል ይጽፍበታል። ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚያዘጋጁት የግል ኤፒኤን ላይ ግን ሁለቱም ሊጠየቁ ይችላሉ።

በትክክል መጻፍ ያለበት ኤፒኤኑ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፣ ድርጅታችሁን ጠይቁ ማለታቸውም ተገቢ ነው። ያልተናገሩት አንድ ነገር አለ። ሞደሙ ኤፒኤኖችን በቁጥር በተለያዩ ቦታዎች ነው የሚያስቀምጣቸው። *99***1# ስትሉ ቁጥር 1 ላይ ያለውን ተጠቀም ማለታችሁ ነው። እዚያ ቦታ የተቀመጠው የድሮ ሲማችሁ ኤፒኤን ከሆነ ሲሙን ብትቀይሩም ሞደሙ የድሮውን ይዞ ይታገላል። ሲጂዲኮንት በሚለው የኤቲ ትዕዛዝ ምን እንደተጻፈ ማየትና ማስተካከል ትችላላችሁ። በኔትወርክ ማናጀር ከሆነ ግን እሱ ራሱ ነው የሚያስተካክለው።

ፒኑን ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፉት ስለሚለው

ጸሐፊው ለምቾት ሲባል ፒኑን ደዋዩ ስክሪፕት ውስጥ አስገቡት፣ ካልተገናኘ ደጋግሞ እንዲሞክር አድርጉት ይላሉ። እባካችሁ ይኼን አታድርጉ። እኔ አድርጌዋለሁ። የፒኑን ሁለት ቁጥሮች አዟዙሬ ጽፌ ኖሯል። ስክሪፕቱን አስነስቼ ዕቃ ልፈልግ ተነሳሁ። ስመለስ ሲሙ ተቆልፏል። ሦስት የተሳሳተ ፒን ለመላክ ኮምፒውተር ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ቀሪውን ከሰዓት ሲሙ የተለጠፈበትን ካርድ ፍለጋ መሳቢያ ስገለብጥ ዋልኩ።

ፒን ሦስቴ ከተሳሳተ ሲሙ ፒዩኬ ይጠይቃል። ፒዩኬ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከናካቴው ያበቃለታል። ኤምኤምሲኤልአይ ስንት ሙከራ እንደቀራችሁ ጭምር ይነግራችኋል፣ ከመሞከራችሁ በፊት እሱን እዩ። ፒኑ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ኔትወርክ ማናጀር ግንኙነቱ ውስጥ መያዝ ይችላል። ወይም ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብታችሁ የፒን ጥያቄውን አጥፉት። ሞደሙ ከቤት የማይወጣ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ቲቲዋይ ዩኤስቢ ከሌለ ሞደሙ ሞቷል ስለሚለው

ጸሐፊው ፖርቶቹ ካልታዩ ሞደሙ የተበላሸ ወይም ከሊኑክስ ጋር የማይስማማ ነው ብለው ይደመድማሉ። የጽሑፉን ዕድሜ የሚያሳብቀው ይኼ ነጥብ ነው።

ብዙዎቹ አዳዲስ ሞደሞች ቲቲዋይ ዩኤስቢ የሚባል ነገር አያሳዩም። እነሱ ላይ ፖርት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለምሳሌ ሁዋዌ ሃይሊንክ የሚላቸውን እዩ። እነዚህ ውስጣቸው ትንሽ ራውተር ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያያቸው እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው፣ ገመድ የተሰካ ያህል። መደወል የለም፣ ፒፒፒ (ዳታን በመደወያ መስመር የሚያሳልፈው የቆየ ዘዴ) የለም፣ ደብሊውቪዳያል የለም። አድራሻ በራሱ ይመጣል። ፒኑንና ኤፒኤኑን የምታስተካክሉት ብራውዘር ከፍታችሁ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.8.1 ላይ። ኢ3372 ከዚህ ወገን ነው፣ ምንም እንኳ ያው ሞዴል በሌላ ፈርምዌር (የሞደሙ የውስጥ ፕሮግራም) ተራ ሞደም ሆኖም የሚገኝ ቢሆን። በዚህ ዓይነት ሞደም ኤምኤምሲኤልአይ ምንም ባያሳይ አይግረማችሁ። ኤልኤስዩኤስቢ ላይ ቁጥሩ ተቀይሯል? አዲስ የኔትወርክ ካርድ መጥቷል? እንግዲያው ሞደሙ እየሠራ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ኪውኤምአይ ወይም ኤምቢአይኤም በሚባል ቋንቋ ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያው ከኳልኮም ቺፖች ጋር የመጣ ነው። ሁለተኛው የዩኤስቢን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር በ2011 ያወጣው መስፈርት ነው። ለኪውኤምአይ የሚሆነው ድራይቨር ከርነል 3.4 ውስጥ በ2012 ገባ፣ የኤምቢአይኤሙ ደግሞ ከርነል 3.8 ውስጥ በ2013። ስለዚህ ዛሬ የምትጠቀሙት ሊኑክስ ሁለቱም አሉት ማለት ነው። በእነዚህ ሞደሞች ላይ ትዕዛዙ ሲዲሲ ደብሊውዲኤም 0 በሚባል በር ይገባል፣ ዳታው ደብሊውዋን 0 በሚባል የኔትወርክ ካርድ ይሄዳል። ሞደም ማናጀር ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል። ደብሊውቪዳያል አንዱንም አይችልም።

ልዩነቱ ፍጥነቱም ላይ ይታያል። ለ3ጂ ፒፒፒ ይበቃ ነበር። የ4ጂ ሞደም ግን፣ ኢ3372ን ብንወስድ፣ በወረቀት ላይ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋቢት ይላል። ይኼን ያህል ዳታ በታይታ የሲሪያል ፖርት ላይ በፒፒፒ አሽጎ ማሳለፍ ሰፊውን በር ትቶ በመስኮት እንደመውጣት ነው። የጸሐፊውን መንገድ ተከትለው 4ጂ ሞደማቸውን በግድ ፒፒፒ ላይ ያስገቡ ሰዎች ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው ሲሉ እሰማለሁ።

ዲኤንኤስ

ዲኤንኤስ የገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ነው። ጸሐፊው ተገናኝቶ ገጽ ካልከፈተ ሪዞልቭ ኮንፍ ፋይል ላይ 8.8.8.8 ጻፉ ይላሉ። ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ችግሩ የስም ፍለጋ መሆኑን በአንድ ደቂቃ ያሳያል። መፍትሔ ግን አይደለም። በብዙ ዘመናዊ ሊኑክስ ላይ ያ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው፣ ግንኙነቱ ሲታደስ የጻፋችሁት ይጠፋል። ዲኤንኤሱን እዚያው ግንኙነቱ ሴቲንግ ውስጥ አስገቡት።

በየመሃሉ ለሚቋረጥ

በመጨረሻ ጸሐፊው ግንኙነቱ በየመሃሉ የሚቋረጠው የሊኑክስ ድራይቨር ደካማ ስለሆነ ነው ይላሉ። አንዳንዴ ሊሆን ይችላል። ግን ድራይቨሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ዲሜሴጅ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ። በተቋረጠበት ሰዓት ዩኤስቢው ራሱ ተነቀለ የሚል ከሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው።

ሞደም ሬዲዮ ነው፣ ሲያስተላልፍ ብዙ ኃይል ይስባል። ሲግናል ሲደክም ደግሞ ይብሳል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚጮኸው። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ እስከ 900። የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ግን በደንቡ መሠረት ለአንድ ፖርት የሚደርሰው 100 ብቻ ነው። ሞደሙ ይነሳል፣ ይመዘገባል፣ ልክ ዳታ መላክ ሲጀምር ይወድቃል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ስለዚህ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ዩኤስቢን የሚያስተኛ ሴቲንግ አለ። ሞደሙን ከእሱ ነጻ አድርጉት።

ሲግናሉን በተመለከተም፣ ሲኤስኪው የሚለው ትዕዛዝ የሚመልሰው ቁጥር ጸሐፊው እንዳሉት ፐርሰንት አይደለም። ከ0 እስከ 31 ነው የሚሄደው፣ 99 ካለ አላውቅም ማለቱ ነው። ቁጥሩን በ2 አባዝታችሁ 113 ስትቀንሱበት በዲቢኤም፣ በሲግናል ኃይል መለኪያው፣ ታገኙታላችሁ። 15 ካለ ከዜሮ በታች 83 ነው፣ ደህና የሚባል። ጸሐፊው 15ን አይተው «ሲግናሉ 15 ፐርሰንት ብቻ ነው» ብለው ያዘኑበት ሞደም ምንም አልሆነም ነበር።

ጽሑፉ የሚያልቀው ሁሉም እምቢ ካለ ወደ ዊንዶውስ ተመለሱ በሚል ነው። በከፊል እቀበለዋለሁ። ሞደሙን የሌላ ሰው ዊንዶውስ ላይ ለአምስት ደቂቃ መሰካት ጥሩ ፈተና ነው። እዚያም «እየፈለገ ነው» ላይ ከቆመ ሲሙን ወይም ቦታውን ቀይሩ። እዚያ ሠርቶ እናንተ ጋ እምቢ ካለ ደግሞ የሚያገናኘውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ኤፒኤኑን ቅዱና ሞደሙን ይዛችሁ ተመለሱ።